ወይዘሮ የውብዳር ስዊቹን እንደ ገዙ፥ ስዊቹም እንደ ቆለፈባቸው

በ፳፻፲፰ ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ማርቆስ፥ በወርኃ ጥቅምት፥ የአንድ ኮሌጅን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ሲያነጋግር የኖረው አሮጌው ስዊች ተቃጥሎ ባረፈ ማግሥት፥ የአሰላ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን፥ ከደብረ ብርሃን ተመድበው የመጡት የሰርቨር ክፍል ገዥ፥ የይለፍ ቃል ጠባቂ፥ የኔትወርክ ባለሙያዋ ወይዘሮ የውብዳር፥ አዲስ ስዊች ይመርጡ ዘንድ በጉባኤ ተቀመጡ።

በጉባኤውም የግዥ ኃላፊው አቶ አስናቀ ነበሩ፤ እርሳቸውም እንደ ሠርግ ቤት የሚብለጨለጨውን ስዊች ወደዱ። ወይዘሮ የውብዳር ግን ተነሥተው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «ይሄ መብራት እንጂ ጆሮ የለውም! የተማሪውን መስመር ከሒሳብ ክፍሉ ለይ ቢሉት አይሰማም። እኔ የምፈልገው ትእዛዝ የሚሰማ ነው!» ግራጫው፥ መልከ ጥፉው፥ ታዛዡ ስዊች ተመረጠ።

ወእምዝ የምዝገባ ዕለት ደረሰ። ከበቆጂ በሚኒባስ፥ ከከተማው በባጃጅና በጋሪ፥ ጋቢ የደረቡ ወላጆችና ቆሎ የሚቆረጥሙ ተማሪዎች መጥተው በምዝገባው መስኮት ፊት ተሰለፉ። ወይዘሮ የውብዳርም ከቢሯቸው ሆነው ግዛቱን ይከፋፍሉ ጀመር፤ ለሬጅስትራር አንድ፥ ለሒሳብ ክፍል አንድ፥ ለተማሪዎች አንድ አውራጃ ሰጡ፤ ሁሉ ወደ ሰርቨሩ የሚሻገሩበትን ዋናውን መስመር ግን ረሱ። ትእዛዝ የሚሰማው ስዊችም የተሳሳተውን ትእዛዝ ሰማ፤ በገዛ እመቤቱም ላይ በር ዘጋ።

በሰልፉ ላይ «ማል ታኤ? ምን ሆነ?» ሲል አንዱ ጠየቀ፤ «ሲስተም የለም» አለው ሌላው።

ወይዘሮ የውብዳር «ማንም ምንም እንዳይነካ!» የሚል ዐዋጅ አስነግረው፥ ከስዊቹ ጋር ፊት ለፊት የሚያነጋግረውን ሰማያዊ ገመድ እንደ ጦር ይዘው ወደ ሰርቨሩ ክፍል ገሠገሡ። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉም በዘበኛው በጋሽ ወልደጻድቅ ኪስ ሆኖ ሁሩታ ልቅሶ ሄዷል። ቢደውሉላቸው «ልጄ፥ አስከሬኑ ገና ከቤት አልወጣም!» አሉና ዘጉት። ጀግናይቱም ደረጃው ላይ ተቀምጠው፥ ሥራ ለቅቀው ደብረ ብርሃን ስለ መመለስ እያሰቡ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ።

ወበይእቲ ሰዓት መብራት ጠፋ። ከተማው ሁሉ ረገመ። የሰርቨር ክፍሉም አሮጌ ባትሪ ጥቂት ጮኾ ዝም አለ፤ ስዊቹም አብሮት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ስዊቹ ነቃ፤ ወይዘሮ የውብዳር አዲሱን ክፍፍል አስቀምጥ ብለው ማዘዙንም ረስተው ነበርና፥ ስዊቹ ከክፍፍሉ በፊት የነበረውን የጠዋቱን አሠራር ብቻ አስታወሰ። መስመሩ ሁሉ ተከፈተ፤ ሰልፉም በእልልታ ተንቀሳቀሰ።

አቶ አስናቀ እየሮጡ መጥተው «የውብዬ፥ እንዴት አደረግሽው?» አሉ።

እርሳቸውም ቀና ብለው «አጥፍቼ አበራሁት!» ሲሉ ዐወጁ። ይህም ሐሰት ተብሎ አይጻፍባቸው፤ መብራት ኃይል ያላስተባበለውን እኛ ማን ነንና እናስተባብላለን?

እንግዲህ መርሳት ባለባቸው ሰዓት ለረሱ፥ በተዘጋ በር ፊት ተቀምጠው ድል ላደረጉ ለወይዘሮ የውብዳር ክብር ይሁን! ስማቸው ከጭላሎ ተራራ ይርዘም፤ ወንበራቸው ይጽና፤ የይለፍ ቃላቸውም ከእርሳቸው በቀር ከሰው ሁሉ ይሰወር።