እሱማ ልቦለዴ ውስጥ አለ

በየሰፈሩ አንድ ያልጻፈ ደራሲ አለ። የለም የምትሉኝ ካላችሁ፣ ወይ ከቤት አትወጡም፣ ወይ ደራሲው ራሳችሁ ናችሁ። ከጉርድ ሾላ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ለምንኖረው የታደሉን ክቡር ደራሲ ጋሽ ሕሩይ ይባላሉ።

ጋሽ ሕሩይ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። በጉልምስናቸው ከዱር እንስሳት ቆጣሪዎች ጋር ጋምቤላ ወርደው፣ ነጭ ጆሮ ቆርኬ ሜዳውን ሞልቶ ሲነጉድ አዩ። አዩና ደራሲ ሆኑ። መጻፉ ብቻ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ነገር መልሳቸው አንድ ነው። ጉርድ ሾላ ላይ በታክሲ ሰልፍ የተንገሸገሸ ሰው ሲያማርር፣ «እሱማ ልቦለዴ ውስጥ አለ» ይላሉ። ውሃ ጠፋ? ልቦለዳቸው ውስጥ አለ። ጎረቤቴ ሐመልማል እጮኛዋ ጥሏት ሄዶ በራቸው ላይ እያለቀሰች ስታልፍ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ልቦለዴ ውስጥ አለ» አሏት።

ልጅቷ ለቅሶዋን ትታ፣ «ታዲያ ይመለሳል፣ ጋሼ?»

«መጨረሻውንማ አልናገርም! አንዴ ከተነገረ እጄ አይጽፈውም።»

እኔ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ስለዚህ የሚናገረው ያለው ሰው ሳይጽፍ ሲቀር የተሰረቅሁ ይመስለኛል። አንድ እሑድ ጎትቼ እንጦጦ ራጉኤል አወጣኋቸው።

«ጫካ አይደል የናፈቀዎት? ይኸው ጫካ! ይኸው እስክሪብቶ!»

የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀጠፉ፤ በመዳፋቸው አሽተው አሸተቱት።

«ይሄ የሚሸተው ጉንፋን ነው» አሉ።

«እና?»

«እዚያ… ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ መንጋው ሣሩን ሲረግጠው የሚወጣ ሽታ አለ። እሱ ይመለስልኝና እጀምራለሁ።» ወደ ምዕራብ ዞረው ቆሙ። ከተማው ከእግራቸው ሥር ተዘርግቷል፤ እሳቸው ግን አላዩትም። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«በአፍንጫ ነው እንዴ የሚጻፈው!» ብዬ ጮህኩ።

«አንተ ችኩል! አንተም ልቦለዴ ውስጥ አለህ።»

በቅርቡ የጎረቤታችን የወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ባል ዐረፉ። እድሩ ድንኳን ተከለ፤ እኛም ለማስተዛዘን ተቀመጥን። ሴትዮዋ እህል አልቀምስ ብለው አንገታቸውን እንደደፉ ናቸው። ጋሽ ሕሩይ ዝምታ አይችሉም፤ ልቦለዳቸውን ጀመሩ። ጋምቤላ፣ ጊሎ ወንዝ ላይ በታንኳ ሰው የምታሻግር ሴት አለች፤ ባሏ የቆርኬውን መንጋ ተከትሎ እንደወጣ ቀርቷል… በለቅሶ ቤት! ልቆጣ ብድግ ስል ወይዘሮዋ ቀና አሉ።

«ተመለሰ?»

ጋሽ ሕሩይ ወዲያ ወዲህ አዩ። የቀራቸው ንብረት ያ መጨረሻ ብቻ ነው።

«አልተመለሰም፣ እትዬ» አሉ ቀስ ብለው። «መንጋው ተመለሰ፤ እሱ አልነበረም። ወንዙ ዳር ተቀምጣ ስታለቅስ ነጋ። ከዚያም ከወንዙ ማዶ አንድ ሰው ቆሞ ‹አሻግሪኝ!› ብሎ ተጣራ። ተነሥታ አሻገረችው። አለቀ።»

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ምን ታድርግ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቃት» አሉና ከቀረበላቸው ምግብ ቆረሱ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ሕሩይ ተለወጡ። ታክሲ የለም ስንላቸው «ከባድ ነው» ይላሉ። ውሃ ሲጠፋ እንደማንኛችንም ጀሪካን አንጠልጥለው ወጡ። ጀሪካን! ያኔ ነው የባሰ የተናደድኩት። ምክንያቱም ናፈቀኝ፤ አይቼው የማላውቀው ሜዳ ናፈቀኝ። ሰልፋችንም፣ ባዶ ቧንቧችንም፣ የሐመልማል እንባም አንድ ቦታ ተቀምጦልን ነበር፤ አሁን ሁሉም ሜዳ ላይ ቀረ።

ትናንት አላስችል አለኝና በራቸውን ደበደብኩ።

«ጋሽ ሕሩይ! መብራት ጠፋ እኮ!»

በራፋቸው ላይ የረሱት አምፖል በጠራራ ፀሐይ ቦግ ብሎ ይበራል። አምፖሉን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ወደ ምዕራብ ብዙ አዩ፤ አፍንጫቸው ትንሽ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ።

«እሱማ» አሉ፣ «ሁለተኛው ልቦለዴ ውስጥ አለ።»

ይጻፉ እንጂ ብዬ ጮህኩባቸው። መጨረሻውን ግን አልጠየቅኋቸውም።