አረፋን እስከ አራት ሰዓት አክብሮ ወደ ሥራ ስለ መመለስ

ቀን፦ ሰኞ፣ የአረፋ ዋዜማ
ቦታ፦ ጆአል፣ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካው ቢሮ

የተገኙ፦
አቶ ቢራም ቲያው፣ ሥራ አስኪያጅ (ሰብሳቢ)
ወ/ሮ ኮዱ ምባይ፣ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ
ወ/ሮ ያንዴ ንዶንግ፣ የሠራተኞች ተወካይ
ንጋኝ ዲያው፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ የምርት ክፍል ኃላፊው፤ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ወስደው በግ ሊገዙ ሄደዋል።

ከአምስት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ስብሰባው ከጠዋቱ 3፡00 ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ የነገው የበዓል ዕረፍት

ሰብሳቢው ሕጉ በአረፋ ቀን ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቆረጥ እንዲያርፍ እንደሚያዝ አምነው፣ «ቀኑን ሙሉ» የሚል ቃል ግን እንዳላገኙበት አስረዱ። በግ እስከ አራት ሰዓት ታርዶ ያልቃል ብለዋል።

ወ/ሮ ያንዴ «ታርዶስ? በጉ ራሱን ገፎ፣ ራሱን ቀቅሎ ይቀርባል እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ።

ወ/ሮ ኮዱ እህታቸው ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት እንደሚጨርሱ ገለጹ። ወ/ሮ ያንዴ «እህትዎ ሦስት የቤት ሠራተኛ አላቸው» አሉ። አስተያየቱ ከአጀንዳ ውጭ ነው ተባለ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሠራተኞች በዓሉን እስከ አራት ሰዓት አክብረው እንዲመለሱ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የኩምባ ሳኞ ጉዳይ

አሥራ አንድ ዓመት ዓሣ ያሸገችው ኩምባ፣ አምና በአረፋ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሥራ ትታ ቤቷ በመሄዷ ተባራለች። እንድትመለስ ወ/ሮ ያንዴ አመለከቱ።

ሰብሳቢው በዓሉን በእርግጥ ማክበሯን የሚያሳይ ማስረጃ ጠየቁ።

«በጉ እኮ ተበልቷል ጌታዬ! ምን ታምጣልዎ፣ ቀንዱን?» አሉ ወ/ሮ ያንዴ።

ሰብሳቢው ቀንድ በቂ ነው አሉ። ቀጥለውም «ለመሆኑ አንቺ ክርስቲያን አይደለሽ? አረፋ ምንሽ ነው?» አሉ።

ወ/ሮ ያንዴ እንዲህ ሲሉ መለሱ፦ «በገና ቀን እኔ ከልጆቼ ጋር ስበላ፣ በእኔ ቦታ ቆማ የዋለችው ኩምባ ናት። ለእሷስ ማን ይቁምላት?»

ኩምባ ቀንድ አቅርባ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ወ/ሮ ኮዱ ነገ ስንት ሣጥን ዓሣ እንደሚገባ ጠየቁ። የሚያውቅ አልተገኘም። ወ/ሮ ያንዴ ዓሣ አጥማጆቹም አረፋን ስለሚያከብሩ ጀልባዎቻቸውን ጠዋት አሸዋው ላይ እንዳወጡ፣ እስከ ሐሙስ ባሕር የሚገባ እንደሌለ ተናገሩ።

ሰብሳቢው «ይህን ሁሉ ሰዓት ለምን ዝም አልሽ?» አሉ።

«ማን ጠየቀኝ?»

ከአጭር ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ። ፋብሪካው ሦስት ቀን ይዘጋል። የሚዘጋው ዓሣ በመጥፋቱ እንጂ በበዓሉ ምክንያት ስላልሆነ ክፍያ የለውም። ነገ ሥራ ስለሌለ ስለ በዓል ዕረፍት መወያየት አላስፈለገም፤ ስለዚህ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ፣ የኩምባ መመለስ ጭምር፣ ተሽሯል።

ወ/ሮ ያንዴ አልፈርምም ብለው ተነሡ። ወዴት እንደሚሄዱ ሲጠየቁ፣ ኩምባ ከማለዳ ጀምራ በር ላይ እየጠበቀች መሆኑን፣ እንዴት አድርገው እንደሚነግሯት ግን እንደማያውቁ ገለጹ።

ስብሰባው 6፡40 ላይ፣ ሰብሳቢው ለአባላቱ መልካም በዓል ተመኝተው ተበተነ።