የፕላን ሳጥኑ ሹምና አሥራ ሁለቱ ክቦች

አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የሆሳዕና ማዘጋጃ ቤት የፕላን መዝገብ ሹም፣ የቆርቆሮው ሳጥን አዛዥ፣ የሜትር ባለሟል፣ የበርና የመስኮት፣ የአጥርና የጓሮ ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ ቁመታቸው ከጠረጴዛቸው በአንድ ክንድ የማይበልጠው ክቡር አቶ ወንዳፈረው፣ በዛሬው ቀንም እንደ ትናንቱ ማንንም አለማመናቸውን ለሕዝብ የምናስታውቀው በታላቅ ደስታ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ ገና አልተቆረቆረም። መንግሥት ወረቀት ጠብቅ ብሎ ይቀጥረዋል፤ እሱ ውሎ አድሮ ወረቀቱን ከባለቤቱ መጠበቅ ይጀምራል። ሰው ሲስቅ ቢያይ «ምን ደብቆ ነው?» ይላል። ሲያለቅስ ቢያይ «ማንን ሊያታልል ነው?» ይላል። ዝም ያለ ሰው ካየማ ጉድ ፈላ፤ ዝም ያለ ሰው በልቡ እየለካ ነው።

በሆሳዕና ቤት ልሥራ ያለ ሁሉ ፕላኑን ለአቶ ወንዳፈረው ያስረክባል፤ እሳቸውም ሳጥኑ ውስጥ ይቆልፉበታል። ቁልፉ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ነው። ፕላኑን መልሶ ማየት የፈለገ፣ የቤቱ ባለቤትም ቢሆን፣ ሥርዓት አለው። ከጠረጴዛው አንድ እርምጃ ርቆ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል። እሳቸው ወረቀቱን ይዘረጉና ጮክ ብለው እስከ መቶ ይቆጥራሉ፤ መቶ ሲባል ወረቀቱ ተጠቀለለ። መገልበጥ ክልክል ነው። ማሳል ክልክል አይደለም፤ ግን ስለ ሳል ተብሎ ቁጥር አይጨመርም። በአንድ ቀን ከአንድ ወረቀት በላይም አይታይም።

«የቤት ፕላን ማለት የቤት ራቁት ማለት ነው» ይላሉ። «በሩንና ጓዳውን ያየ ሰው ገብቶ ወጣ ማለት ነው። ታዲያ በማን ፈቃድ?»

ይህቺን «በማን ፈቃድ?» የሚሏትን ቃል የከተማው ሰው ሁሉ ቀምሷታል። ባለሱቋ ወይዘሮ ብርቅዬ አዲሱን መስኮቷን ያስገጠመች ዕለት ሜትራቸውን ይዘው ከች አሉ። ለኩ። ሦስት ጣት ተርፏል።

«ይህ ምን ሊገባበት ነው?»

«ብርሃን ነዋ፣ አቶ ወንዳፈረው!»

«ለብርሃን አንድ ሜትር ተፈቅዶለታል። ሦስቱ ጣት ለማን ነው?»

ባሏ ይህን ሰምቶ ሳምንት ሙሉ ሱቁን ትቶ መስኮቱን ሲያይ ሰነበተ ይባላል። የአቶ ዳኘ የቅንጭብ አጥር ደግሞ ከፕላኑ ሁለት ስንዝር ወደ መንገድ ወጥቶ ተገኘ። «ቅንጭብ እኮ ነው ጌታዬ፣ ይበቅላል!» ቢሉ፣ «በማን ፈቃድ?» ተባሉ። አስተማሪው አቶ አበራም አልተረፈም። አዲስ አበባ የተነሣው ፕላኑ ከቤቱ ጓሮ «የአበባ ቦታ» ይላል፤ አበራ የሀዲያ ልጅ ነውና ጓሮውን እንሰት ተከለበት። ሹሙ መጡ። «አበባው የታለ?» «እንሰትም ያብባል፣ ጋሼ። በስምንተኛው ዓመት አንድ ጊዜ።» ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፋል። እሳቸው መዝገባቸውን ከፍተው «በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. ተመልሶ ይታያል» ብለው ጻፉ።

ይህን ሁሉ ከማንም አብልጣ የምታውቀው ወይዘሪት ጵርስቅላ ነበረች። ከከተማው ዳር፣ ጧሪ የሌላቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚጠለሉበትን ቤት የምታስተዳድረው ድሬሰር፣ የሕክምና ረዳቷ፣ እሷ ናት። እሷ አቶ ወንዳፈረውን የምትፈራው ለመስኮት አልነበረም። ለሃያ አራት ነፍስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጠለያውን ያሠራው አዲስ አበባ ያለ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ፕላኑን አንድ ፈረንጅ ነድፎ፣ በሁለት ሰማያዊ ወረቀት ልኮ፣ አገሩ ገባ። ወረቀቶቹ እንደ ደንቡ ሳጥኑ ገቡ። ሥራውን የያዘው፣ ከሞርሲቶ ከተማ የመጣው ግንበኛ ጠና ፕላኑን ሊያይ ሲመጣ፣ እሱም እንደ ደንቡ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። የታየው የመጀመሪያው ወረቀት ነው፦ መሐል ላይ አንድ ረጅም ቤት፣ ዙሪያውን አሥራ ሁለት ክብ።

«ሁለተኛውስ ወረቀት?» አለ ጠና።

«ነገ።»

ነገ ገበያ ነበር። ጠናም ያየው በቃው። ረጅሙን የቆርቆሮ አዳራሽ ሠራ፤ ከዚያም ዙሪያውን አሥራ ሁለት ሣር ክዳን ጎጆ፣ እያንዳንዱን በምሰሶው፣ በምድጃው፣ አሳምሮ አቆመ። በዚህ አገር ወረቀት ላይ ክብ ካየህ ቤት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል?

ሁሉም ነገር ካለቀ ወዲያ ጵርስቅላ ለነገሩ ሥርዓት ብላ ሄዳ ሁለተኛውን ወረቀት አስዘረጋች። የምልክት መግለጫ ነበር። ገና ሠላሳ ሳይቆጠር ዓይኗ አንድ መስመር ላይ ደረቀ፦ «ክብ፦ የጥላ ዛፍ።»

አቶ ወንዳፈረው መቁጠር አቆሙ። ወረቀቱን አዩ፤ እሷን አዩ። «ይህን አይቻለሁ» አሉ። «መዝግቤዋለሁም።» ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት፣ መንገድ ላይ ሲያገኟት ሰላምታ የሚሰጡት በእሷ ላይ እንደ ተጠራ ምስክር ነው።

አረጋውያኑስ? ከአዳራሹ የወጡት በመጀመሪያው ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ሲጮህ የጎረቤታቸውን ወሬ መስማት አቃታቸው፤ ወሬ ያልሰማ ሽማግሌ ደግሞ የሞተ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ጎጆዎቹን ተከፋፈሉ፤ ከየጎጆው ጀርባ እንሰት ተተከለ፤ ሰው ደጅ አለኝ፣ እንግዳ ይመጣብኛል ማለት ጀመረ። እማማ አባይነሽ፣ መጠለያው ሲመጡ በቃሬዛ ነበር፤ አሁን ጎረቤታቸውን እትዬ ትርፊትን «ዶሮሽ ግቢዬ ገባች!» ብለው በእግራቸው ሄደው ይሳደባሉ።

በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ግን ደብዳቤ መጣ። የማኅበሩ መርማሪ ኢንጂነር ተክለጊዮርጊስ ሐሙስ ይደርሳል፤ ከፕላኑ ውጭ የተሠራ ቤት ከተገኘ በሳምንት ውስጥ ይፈርሳል፤ አረጋውያኑ ወደ አዳራሹ ይገባሉ። የማኅበሩን ቅጂ ምስጥ ስለ በላው ምርመራው የሚካሄደው በማዘጋጃ ቤቱ ፕላን ነው።

ጵርስቅላ ወደ ሳጥኑ ጌታ ሮጠች።

«ጋሼ ወንዳፈረው፣ ያቺን ሁለተኛ ወረቀት ባያወጧትስ?»

«በማን ፈቃድ?»

«በእግዚአብሔር ፈቃድ!»

«ፊርማው የታለ?»

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ረቡዕ ዕለት ሜትራቸውን ይዘው ራሳቸው መጠለያው መጡ። አሥራ ሁለቱን ጎጆ እየዞሩ ለኩ። ደጃፍ ለኩ፤ ምሰሶ ለኩ፤ ከየጎጆው ውስጥ እየገቡ ወደ ክዳኑ አንጋጠጡ። ሁሉንም መዝገብ ላይ አሰፈሩ። ጵርስቅላ ከሩቅ ቆማ እያየች «ይህ ሰውዬ ማስረጃውን እያጠናቀቀ ነው!» አለች በልቧ። እማማ አባይነሽ ከደጃፋቸው ሆነው፣

«ምነው፣ የመቃብሬንም ስፋት ይዘህ አትሄድም?» አሉ።

«በፕላኑ የለም» አሉ አቶ ወንዳፈረው፣ ሳይስቁ።

ሐሙስ ኢንጂነሩ በላንድሮቨር ደረሰ። ጫማው የሚያበራ፣ ችኩል ሰው ነው። ጵርስቅላ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆማ በልቧ ትጸልያለች። ኢንጂነሩ እጁን ወደ ወረቀቱ ሰደደ።

«እጅዎን ወደ ኋላ!» አሉ አቶ ወንዳፈረው።

«ምን?»

«ወደ ኋላ፣ ጌታዬ። አንድ እርምጃም ፈቀቅ ይበሉ። አንድ... ሁለት... ሦስት...»

የአዲስ አበባው ሰው ግራ ገብቶት ታዘዘ። ሃያ ላይ፣ «እነዚህ ክቦች ዛፍ ናቸው እንጂ ቤት አይደሉም» አለ። ሠላሳ ላይ፣ «መግለጫ ነበረው፤ ሁለተኛው ወረቀት የት አለ?» አለ።

አቶ ወንዳፈረው መቁጠራቸውን አቁመው ሳጥኑን ከፈቱ። ገለበጡ። ከሥር ጀምረው ፈተሹ። 

«የለም» አሉ።

«እንዴት የለም?»

«ጠፍቷል። አሥራ አራት ዓመት ስሠራ አንድ ወረቀት ጠፋብኝ፤ ይኸው ነው። ይክሰሱኝ።»

«ምንም ቢሆን ክብ ዛፍ መሆኑን ሕፃን ያውቃል!»

«የየት አገር ሕፃን?» አሉ አቶ ወንዳፈረው፣ መስኮቱን ወለል አድርገው እየከፈቱ። ማዶ፣ ከቁልቁለቱ እስከ ዳገቱ፣ ሣር ክዳን ቤት ክብ ክቡን ተዘርቶበታል። «ጌታዬ፣ ይቁጠሩ። ዛፍን ክብ አድርጎ የሚያየው ከላይ ያለ ነው፤ እግዚአብሔርና ጭልፊት። እኛ ከታች ነን፤ ለእኛ ዛፍ ግንድ አለው። በእኔ መዝገብ ይህ ቤት ነው። ትናንት ለክቻለሁ፤ አሥራ ሁለቱም በቦታቸው ናቸው። ዛፍ ነው የሚሉ ከሆነ፣ በማን ፈቃድ?»

ኢንጂነሩ ወረቀቱን አየ፤ መስኮቱን አየ፤ ሰዓቱን አየ። ከዚያ መዝገቡ ላይ «ክብ ቤት ፲፪፣ በፕላኑ መሠረት» የሚለው መስመር ሥር ፈረመ። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስም እጁን ወደ ኋላ እንዲያደርግ ተጠየቀ።

ጵርስቅላ ላንድሮቨሩ እንደ ሄደ ገብታ እጃቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ስለ ምን? መዝገቤ ጎድሏል እኮ! ማን እንደ ወሰደው አይታወቅም። አንቺም እዚህ ክፍል ገብተሽ ነበር።»

«እኔ?»

«ተመዝግቧል።»

ጠረጴዛው ላይ ያለው ደብዳቤ ዓይኗ ገባ፦ «ለአቶ ወንዳፈረው። አንድ ወረቀት በማጥፋትዎ ተወቅሰዋል፤ ሁለተኛ እንዳይለምድዎ። ከአቶ ወንዳፈረው።» ጻፊው ፈርመዋል፤ ተቀባዩም ፈርመዋል። ፊርማው አንድ ነው፤ የተቀባዩ ትንሽ ተንቀጥቅጧል።

በዚያው ሳምንት ዝናብ ጣለ። ጵርስቅላ ጎጆዎቹን ስትዞር አራተኛው፣ የእማማ አባይነሽ ጎጆ፣ ደርቆ ተቀምጧል።

«እማማ አባይነሽ፣ የርስዎ ጣራ ያፈስ አልነበረም?»

«ያ ድንክ ሰውዬ ደፈነልኝ እንጂ! ሊለካ ገብቶ፣ ጠብታው አናቱን መታው። ተናደደ። ከጉያው የሆነ ወረቀት አውጥቶ አጣጠፈና ወደ ላይ ወሸቀው። በርጩማዬ ላይ ቆሞም አልደርስ ብሎት፣ እኔው እግሩን ደግፌ። ‹ለማንም አይንገሩ› አለኝ። ለማን እነግራለሁ?»

ጵርስቅላ ቀና ብላ አየች፤ ከምሰሶው አጠገብ፣ ከሣሩ ሥር፣ ሰማያዊ ጫፍ ብቅ ብሏል። አልነካችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አቶ ወንዳፈረው መንገድ ላይ እንደ ምስክር ሲመለከቷት፣ እሷ እንደ ተባባሪ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ጎንበስ ትላለች፤ እሳቸውም ማን እንዳያቸው ግራ ቀኝ ይገላመጣሉ።

እንግዲህ አንተ አንባቢ፣ ማን እንደሆንህ፣ በማን ፈቃድ ይህን እንዳነበብህ አላውቅም። ሆሳዕና ብትዘልቅና መጠለያውን ልጎብኝ ብለህ አራተኛው ጎጆ ብትገባ፣ ምናልባትም ቀና ስትል ከሣሩ መሐል ሰማያዊ ነገር ዓይንህ ቢገባ፣ እባክህን እጅህን ወደ ኋላ አጣምር፤ እስከ መቶም ቁጠር። መቶ ስትል ደግሞ ምንም ወረቀት አላየህም።