የኮማንደር ስብሓት ደብተር

ጎረቤቱ ሁሉ ሊገደል ነው ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ከየትም ሰፈር አይጠፋም። የእኛ፣ የመቐለ ሓድነት ሰፈሩ፣ ኮማንደር ስብሓት ይባላል። ኮማንደርነቱን የሾምነው እኛው ነን፤ እሱ ጡረታ እስኪወጣ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲፈትሽ ነው የኖረው። ሻንጣው ሲቀርበት ሰው መፈተሽ ጀመረ።

ቀኑን ሙሉ በስልኩ የሚሰማው፣ በባዕድ አገር እየደጋገሙ ሰው ስለገደሉ ሰዎች ነው። እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴትዮ፣ እንዳይጠረጠር ገመዱን ከሦስት ሱቅ ቆራርጦ ስለገዛው፣ አሥራ ሰባት ነፍስ አጥፍቶ የጎረቤቱን አበባ ውሃ ያጠጣ ስለነበረው፣ ሁሉን ከእሱ አፍ አወቅሁ። "ገዳይ አይቸኩልም፣ ኣደይ ኣስካል፤ መጀመሪያ ያጠናል!" ይለኛል ጣቱን ቀስሮ፤ ኣደይ ማለቱ እናቴ ነው።

ዘጠና ዓመት ሞልቷቸው ያረፉ አባት ለቅሶ ላይ ድንኳን ገብቶ፣ "ለመጨረሻ ጊዜ ያያቸው ማነው?" ብሎ ጠይቋል። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ተከራይ ወንድሜነህ ለፋሲካ ቢላዋ ቢገዛ፣ ኮማንደሩ ሳምንት ሙሉ ከበሩ ፊት ወንበር ዘርግቶ ተቀመጠ። በጉ ሲታረድ፣ "ዘንድሮስ ተረፍን" አለ። ሥጋውንም በላ።

አንድ ቀን የሰፈሩን ሰው የሚመዘግብበትን ደብተር አየሁበት። "ኣስካል፦ አሥራ ሁለት ተኩል ቤተ ክርስቲያን። ሁለት ከአሥር ተመለሰች። ከዘሃራ ሱቅ ሽንኩርት።"

ደሜ ፈላ። "እኔን ልትገድል ነው የምታጠናኝ?"

"ዋይ ኣደይ! ገዳይ የሚያጠናውን ቀድሜ ላጥና ብዬ እንጂ። እርስዎ እኮ ለገዳይ ይመቻሉ፤ ሰዓትዎ አይዛነፍም።"

"ስሜን ሰርዝ!"

እያየሁት ሰረዘ። ከዚያ ወዲያ በደጁ ሳልፍ ቀና አይልም ነበር።

በሳምንቱ መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ ወደቅሁ። ዳሌዬ አልታዘዝ አለኝ። ስልኬ አልጋው ላይ ነው፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬዋለሁ፣ ልጆቼ ሩቅ ናቸው። ይባስ ብሎ በዚያው ቀን፣ ጠፍቶ የከረመው ውሃ በአሥራ ስምንት ቀኑ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ በየደጁ ጀሪካን እየደረደረ ሲጯጯህ የእኔን ድምፅ ማን ይስማው? ስሜንስ አሰርዤ ማን ይፈልገኝ? ወለሉ እየቀዘቀዘኝ፣ እንግዲህ እዚሁ መቅረቴ ነው አልኩ።

በሩ ሲገነጠል ሰማሁ። ቀጥሎ፣ "አንተ ገዳይ! ውስጥ ካለህ እጅህን አንሳ!"

"ገዳይ የለም፤ ሳሙና ነው" አልኩት ከወለሉ።

ስብሓት ዘነዘና ይዞ ቆሟል።

"በውሃ ቀን ጀሪካኑ ደጅ ያልወጣ የመቐለ ሰው" አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ "ወይ ወድቋል ወይ ተገድሏል።"

"ሰርዘኸኝ የለም እንዴ?"

"ስምዎን ነው የሰረዝኩት። ጀሪካንዎን ሰርዝ መቼ አሉኝ?"

ዛሬ በምርኩዝ እሄዳለሁ። ጠዋት በደጁ ሳልፍ ጎላ አድርጌ እሳላለሁ፤ ጉንፋን ይዞኝ አይደለም። ደብተሩ ሲገለጥ ሰምቼ ነው ወደ ቤተ ክርስቲያኔ የምቀጥለው።