የማይዝግ ጥርስ

ጥርስ ሲያስተክል ስለ ብረቱ ብቻ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በማጸዳበት የሰበታ የጥርስ ክሊኒክ እንዲህ ያለው ሰው ሞልቷል። ስለ ገዛ አፉ ግን አንድም ቀን አይጠይቅም።

ከነዚህ አንዱ የሆኑት ኦቦ ቶለሳ «ታይታኒየም ነው? የጀርመን ነው? አይዝግም?» እያሉ ሐኪሙን አደረቁት።

«ብረቱስ አይዝግም። ግን ሲጋራ ያቁሙ፣ ጥርስዎን ይቦርሹ። አጥንቱ ካልያዘው ይወልቃል» አላቸው።

ምኑን ሰሙት? እንደማይዝግ ብቻ!

ከተተከለላቸው በኋላ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገዱ ተዘጋ፤ ሐኪሙም ከአዲስ አበባ መምጣት አቃተው። ሲከፈት ኦቦ ቶለሳ የሚነቃነቅ ጥርስ ይዘው ከች አሉ። ድዳቸው አብጦ መግል ቋጥሯል።

«መንገድ ተዘግቶ እንጂ ለክትትል እመጣ ነበር!» ብለው ጮኹብኝ፣ እኔ የዘጋሁት ይመስል።

ዓይን አፋር ነኝ፤ ግን አመለጠኝ። «ሲጋራውስ በየት በኩል ገባልዎ?»

«አንቺ ልጅ፣ መጥረጊያሽን ያዢ!»

ሐኪሙ አማራጭ ስላልነበረው አጥንቱ ውስጥ የተከለውን የብረት ብሎን ነቅሎ አሳያቸው። ብሎኑ ያብረቀርቃል። ኦቦ ቶለሳ ጥጥ እንደነከሱ በኩራት ወደኔ ዞሩ።

«አየሽ? ብረቱ ምንም አልሆነም!»