አባ ቢራቢሮ አረሙ መሀል

በየመሥሪያ ቤቱ ወሬን ሁሉ ወደ አንድ በረት የሚነዳ ሰው አይጠፋም። የእኛው ክቡር የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን ናቸው። ስለ ሊፍቱ ብልሽት ብታወራቸው፣ ስለ ጥርስ ሕመምህ ብትነግራቸው፣ መድረሻው ቢራቢሮ ነው። ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ «አባ ቢራቢሮ» እንላቸዋለን፤ እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰማ ያልፋሉ።

ጸሐፊያችን አከራይዋ ቤት ልቀቂ እንዳሏት እያለቀሰች ስትነግረን፣ እሳቸው ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ።

«በሰማያዊዋም የደረሰው ይኸው ነው።»

«በማን?»

«አሸዋ ላይ የምትኖር ቢራቢሮ ነበረች። ከተማ ሠሩባትና ከነዘሯ ጠፋች።»

ሊያጽናኗት ይሁን ሊያስፈራሯት፣ እስከ ዛሬ አልገባትም።

እኔም የሚስቴ ወንድም ለሁለት ሳምንት ብሎ መጥቶ ስድስት ወር እንደ ተቀመጠ ባማክራቸው፣ «ጉንዳን ቤት ገብታ የምታድግ አባጨጓሬ አለች» አሉኝ። «ጉንዳኖቹ እንደ ልጃቸው ያዩዋታል፤ እሷ ልጆቻቸውን ትበላለች።» ምክሩ ይኸው ነበር።

አምና ከሕንፃው ጀርባ ያለው አረም ተመንጥሮ መኪና ማቆሚያ እንዲሆን ተወሰነ። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አረሙ በሚመነጠርበት ዕለት ጠዋት ክቡርነታቸው ወንበራቸውን አውጥተው፣ ክምር ፋይል ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አረሙ መሀል ሥራቸውን ጀመሩ። ማጨጃ የያዘው ሠራተኛ ለምኖ ለምኖ ሲያቅተው ሥራ አስኪያጁ ወረደ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

አንድ ቅጠል ገልብጠው የስፒል ራስ የሚያካክሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሳዩት። «እንቁላል ነው።»

«ብርቅ ዝርያ ናት?»

አዎ ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል? ሁላችንም መስኮት ላይ ተደርድረን ጠበቅን።

«የለም። የትም የምትገኝ ተራ ቢራቢሮ ናት።»

«ታዲያ ለምን?»

«የጠፉትም ተራ ነበሩ።» ድምፃቸው ትንሽ ሻከረ። «ብርቅ እስክትሆን ልጠብቃት እንዴ?»

ሥራ አስኪያጁ ራሱን አከከና ወደ መስኮቱ ቀና አለ። «አመልካቹስ ምን ይላል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነው» ሲል የራሴን ድምፅ ሰማሁት።

አሁን መኪናዬን የማቆመው አሥር ደቂቃ ከሚያስኬድ ቦታ ነው። ዝናብ ሲደበድበኝ ክቡርነታቸውን አነሣቸዋለሁ፤ በበጎ አይደለም።

በሚቀጥለው ወር ጡረታ ይወጣሉ። ትናንት ጠርተው አጉሊ መነጽራቸውን ሰጡኝ። «እኔ ምኑን አውቄው?» ብላቸው፣ «ማየት ብቻ ነው» አሉኝ።

ዛሬ ቢሮ ሳይከፈት አረሙ መሀል ገብቼ አሥራ አንድ እንቁላል ቆጠርኩ። በር ላይ ተራ ይጠብቅ ለነበረ ለማላውቀው ባለጉዳይ፣ ሳይጠይቀኝ፣ ነገርኩት።