በእንተ ጠባቡ ቀዳዳ

ጉድጓድ ውስጥ ተቀረቀርኩ። በእግሬ ጎትተው አወጡኝ። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ማሳመሪያ ነው።

ግን ዜና መዋዕል ያለ ማሳመሪያ አይጻፍም። የነገሥታቱም ቢሆን ማሳመሪያው ቢራገፍ ግማሽ ገጽ አይሞላም። እናቴ ደግሞ የጥርስ ሐኪሙ ጋ ገና አልተጠራችም፤ ጊዜ አለኝ። ስለዚህ፦

ወኮነ በዘመነ ጥርስ፣ እናቴ በግራ መንጋጋዋ ሕመም ቤታችንን መግዛት በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት፣ የመሥሪያ ቤታችን ሊፍት ተበላሽቶ አለቆች ሁሉ በላብ ተጠምቀው ወደ ዙፋናቸው በሚወጡበት ወራት፣ እኔ የጥንት ማዕድን አጥኚዋ፣ የጉድጓድ አነፍናፊዋ፣ የአር ለቃሚዋ፣ ጉልበቷ የተላጠው፣ ሱሪዋ በሳሙና የማይነጻው፣ ጥፍሯን አይተው ሰዎች መካኒክ የሚሏት፣ ሠራዊቴን አስከትቼ ወደ መዳቡ ኮረብታ ዘመትኩ። አር ማለት ማዕድን ቀልጦ ሲጣራ የሚተርፈው ጥቁር ጓል ነው፤ አንጥረኞች እንዲህ ይሉታል፤ ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ሌሎች ጀግኖች ካባ ይደረብላቸዋል። እኔ ካባ ውስጥ እገባለሁ፤ የድንጋይ ካባ፣ ድንጋይ የሚፈለጥበት ገደል።

የዘመቻው ምክንያት። ኮረብታው ጥንት መዳብ የወጣበት ነው፤ በዚህ ማንም አልተጣላም። ኋላ የድንጋይ ካባ ሆነ፤ ፈላጮቹ ጎኑን ሲገምሱት አንድ ጠባብ ቀዳዳ ብቅ አለ፣ ወደ ኮረብታው ሆድ የሚዘልቅ። እኔ «በር ነው፤ ቆፋሪዎቹ እየተሳቡ የሚገቡበት የሚወጡበት በር ነው» አልኩ። ማለት ብቻ አይደለም፣ አራት ዓመት ጻፍኩት። የመጽሐፌ ትልቁ ምዕራፍ ሆነ። ስለ በሩ ጻፍኩ፤ በሩ ላይ ስለተጋፉት ትከሻዎች ጻፍኩ፤ ጠዋት ጠዋት ማን ቀድሞ እንደሚገባ ሁሉ ጻፍኩ። እንዴት እንዳወቅኩ አትጠይቁኝ።

መምህሬ የነበሩት አዛውንት ግን አልተቀበሉም። ጋሽ ይመስለኛል እንላቸዋለን፤ ይህን ቃል ሳይጨምሩ ሰዓት ስንት እንደሆነ እንኳ አይናገሩም። በጉባኤ ፊት ተነሥተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «በር አይመስለኝም። የውሃ ማፍሰሻ ቦይ ይመስለኛል። ሰው የሚያልፍበትም አይመስለኝም።» ተቀመጡ። ጉባኤው ዞሮ እኔን አየ። እኔም ወንበሬን ገፍትሬ ተነሣሁና የመልስ አዋጅ አስነገርኩ፦ «ያልፍበታል! እኔ ራሴ ገብቼ ወጥቼ አሳያለሁ!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ምዕራፉ ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል። ዛሬ ወይ አልፌ በሩን በር አሰኘዋለሁ፣ ወይ አራት ዓመቴ በቦይ ይፈሳል።

የሠራዊቱም ዝርዝር ይህ ነው። በግንባር ቀስበቀስ የተባለው የታናሽ እህቴ ባል፣ የአሮጌዋ ፒክአፕ አዛዥ፣ ዓለምን በሁለተኛ ማርሽ የሚዞር፣ ኤሊ ብትመጣበት መንገድ የሚለቅላት። በመካከል እኔ። በደጀን ጉንጯ ያበጠ፣ ሻሿ ባገጯ ሥር ዞሮ አናቷ ላይ የተቋጠረ፣ እቴጌ እናቴ፣ ከሰዓት በኋላ የሐኪም ቀጠሮ ስላላትና ያለችን መኪና አንዲት ስለሆነች የዘመተች እንጂ ለመዳብ ፍቅር ኖሯት አይደለም። ስንቅና ትጥቅ፦ ገመድ፣ የግንባር ባትሪ፣ ውሃ ያለበት ኮዳ። ውሃውን እናቴ መንገድ ላይ ተጉመጥምጣበት አጋምሳዋለች።

ከመኪናው እስከ ቀዳዳው ያለውን ዳገት ጀግናዋ አጎንብሳ ወጣች። በእኛ ሙያ ቀና ብሎ የሚሄድ የለም። አር አየሁ፣ አነሣሁ፣ ኪሴ ከተትኩ። ጠርዙ የተመታ የድንጋይ ፍንካች አየሁ፣ ኪሴ ከተትኩ። ሰደርያዬ ኪሱ ብዙ ነው። ሱሪዬም እንደዚያው። «እትዬ፣ መሬቱን ጨርሰሽ ልትወስጂው ነው?» ሲል ቀስበቀስ ከኋላ አወጀ። ሌላ አር አነሣሁ።

የካባው ዘበኛ መግቢያው ላይ ቆሞ ሕጉን አሰማ፦ «ሄልሜት ያላደረገ አያልፍም!» እናቴ እሷ ጥላ ሥር እንደምትቀመጥ፣ ድንጋይም ቢወድቅ ከጥርሷ የባሰ እንደማያደርጋት አስረዳችው። እሱም፦ «እማማ፣ ድንጋይ ዕድሜ አይጠይቅም!» ብሎ ቢጫውን ሄልሜት ከሻሿ ቋጠሮ በላይ ጫነላት። እናቴም ዘውድ ደፋች። ወንበር ቀረበላት። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ዘመቻውን ማን እንደሚመራ ግልጽ ነበር።

ቀዳዳውን አየች። እኔን ከወገቤ በታች አየች። ቀዳዳውን ደግማ አየች። «አንቺ፣ በዚች ነው የምትገቢው? በይ ተዪኝ፣ አታስቂኝ፣ ጥርሴን ያመኛል።»

በሆዴ ተኝቼ ገባሁ። ራሴ ገባ። ትከሻዬ ገባ። «አያችሁ!» አልኩ፤ የሰማኝ ድንጋዩ ነው። ከዚያ ወገቤ ደረሰ። ወገቤ አልገባም። ልመለስ አልኩ፣ መመለስም የለም።

ከቀዳዳው ውጭ የቀሩት እግሮቼ ነበሩና ከዚያ ወዲያ አዋጁ ሁሉ የተነገረው ለእግሮቼ ነው።

ዘበኛው፦ «እህቴ፣ እዚያ ውስጥ መቆየት ክልክል ነው!»

ቀስበቀስ፦ «እትዬ፣ አይዞሽ፣ ረጋ በይ፣ ቀስ በቀስ ትወጫለሽ።»

እናቴ፦ «ምን ቀስ በቀስ ትላለህ አንተ ደግሞ! ሐኪሙ እስክታረጅ ነው የሚጠብቀኝ? ጎትት!»

ጎተተ። ጫማዬ ወጣ። ጫማዬን ታቅፎ ሲወድቅ ተሰማኝ። ቀጥሎም የእናቴ አዋጅ፦ «ጫማውን አላልኩህም፣ ልጄን ነው ያልኩህ!»

ሠራዊቱ ለምክክር ተቀመጠ። እኔ የምሠራው አልነበረኝምና አፍንጫዬ ፊት ያለውን ግድግዳ በግንባሬ ባትሪ አየሁ። የመሮ ጭረት ነው። ስንት ጊዜ ከደጅ ሆኜ አብርቼበታለሁ፤ ከደጅ ሲታይ ጭረት ጭረት ነው። አሁን ግን ከዓይኔ አንድ ስንዝር አይርቅም። መሮ ሲመታ ጭረቱ ከመቺው እየሸሸ ይሄዳል፤ መሮው የሚቆምበት ጫፍ ላይ ድንጋዩን ጎድጎድ ያደርገዋል። ቆፋሪው ከደጅ ጀምሮ የገባ ቢሆን ጭረቱ ሁሉ ከእኔ ሸሽቶ ወደ ውስጥ በሄደ ነበር። አልሄደም። ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ቀኙን አየሁ፣ ወደ እኔ። ግራውን አየሁ፣ ወደ እኔ። ሰውዬው ከኮረብታው ሆድ ወደ ደጅ ነው የቆፈረው። እዚህ ሲደርስ ቀድሞውኑ ውስጥ ነበር። የገባበት በር ሌላ ቦታ ነው።

«ምናልባት» አልኩ። ምሁር ሁሉ ነገር ቢያልቅበት ምናልባት አያልቅበትም። ምናልባት ለመግቢያ ሳይሆን ለመውጫ ብቻ የተበጀ በር ይሆናል።

ይህን ሳስብ ደረቴ ቀዘቀዘ። ሰሞኑን ዝናብ ነበር። ከኮረብታው ውስጥ አንዲት ቀጭን ውሃ ወደ ደጅ ልትወርድ መጥታ እኔን አገኘችና ቆመች። ከኋላዋ ሌላ መጣች። ወለሉ ወደ ውጭ ያዘነበለ ነው። ይህንንም በምዕራፌ «ተሳቢው እንዳይደክም ታስቦ» ብዬ አብራርቼዋለሁ፣ በሁለት አንቀጽ። ውሃው ደረቴ ጋ ተጠራቀመ፣ አገጬን ነካ። እነሆ ያለ አለቃ፣ ያለ በጀት፣ ያለ ጥገና፣ መንግሥታት ሲያልፉ ሳያልፍ፣ ቆፋሪዎቹ ሞተው አልቀው እንኳ ሥራውን ሳያቋርጥ የኖረው ቦይ በእኔ ተደፈነ። ጋሽ ይመስለኛል በመሰላቸው ብቻ የተናገሩትን በገዛ ሆዷ ያረጋገጠች አጥኚ እኔ ነኝ። ውታፍ ሆኜ።

«ውሃ!» ብዬ ጮህኩ።

እናቴ፦ «ጠምቷታል፣ ኮዳውን ስጧት!»

ቀስበቀስ፦ «በየት በኩል?»

ወእምዝ እቴጌይቱ ከዙፋኗ ተነሣች። ሁለቱን ወንዶች በክርኗ ገለል አድርጋ፣ ዘውዷን ወደ ኋላ ገፍታ፣ እጇን በወገቤ ጎን ሰድዳ ዳበሰች። ከዚያ አገር ያናወጠውን አዋጅ አወጀች፦ «ኪሷ ነው! ይቺ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ኪሷን ሳልፈትሽ ልብሷን አጥቤ አላውቅም! ድንጋይ ተሸክማ ድንጋይ ውስጥ ትገባለች! ዶክተር ሆነች ብለውኝ ነበር!» በሰደርያዬ ጀመረች፣ ወደ ሱሪዬ ወረደች፣ ኪሱን አንድ በአንድ ገለበጠችው። ድንጋዩ ዳገቱን ሲንከባለል ይሰማኛል፤ በድምፁ ለየሁት። «ትልቁ አር ነው፣ ቦታውን ምልክት አድርጉበት!» ስል ከውስጥ አወጅኩ። የፈጸመው የለም።

«አሁን ትንፋሽሽን አውጪና አፍሽን ዝጊ። ዝም ማለት ብታውቂ እስካሁን በወጣሽ ነበር።»

ትንፋሼን አወጣሁ። ዝም አልኩ። ጎተቱኝ።

ወጣሁ። ውሃውም ተከትሎኝ ወጣ፣ የእናቴን ጫማ አራሰ፣ የዘበኛውን አራሰ፣ ከዚያ ረጋ ብሎ እንደ ቀድሞው በቀጭኑ መውረድ ጀመረ። ሠራዊቱ አጨበጨበልኝ። እኔ ቀዳዳውን ነበር የማየው።

«ታዲያ እትዬ፣ ሰው ያልፋል?» አለ ቀስበቀስ።

«ውሃ ያልፋል» አልኩት።

የእናቴ ስም ተጠራ። ይዣት ልግባ።

ተመለስኩ። ውጭ ጠብቂ ተባልኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ጭቃዬን አይታ ወንበሩ ላይ ጋዜጣ አንጥፋልኛለች፤ ብነሣ የዜናው ግማሽ ሱሪዬ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

እውነቱን ልናገር። ጭረቱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሠራዊቱ ያየው እግሬን ነው። «ኪሴ ያዘኝ እንጂ አልፍ ነበር» ብል የሚያስተባብለኝ የለም፤ ደግሞም ውሸት አይደለም፣ ኪሴ ነው የያዘኝ። መኪና ውስጥ አረፍተ ነገሩን አሰናድቼ ጨርሻለሁ። «በመስክ ሙከራ እንደተረጋገጠው የአዋቂ ሰው ትከሻ ያለ ችግር ያልፋል።» ያምራል። ትከሻዬ በእርግጥ አልፏል። ነገ ጠዋት ይታተማል፣ ጋሽ ይመስለኛል ይሸነፋሉ፣ እሳቸው ደግሞ ሲሸነፉም ፈገግ ብለው ነው፤ በዚያ ዕድሜያቸው ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ግድግዳ አያዩም። በቀስበቀስ አነዳድ ለማሰብ ጊዜ ሞልቷል። አሰብኩበት። ከካባው እስከዚህ ድረስ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ዜና መዋዕል በውዳሴ ያልቃል፤ ይሁን። ስሙ ላልተጻፈው ቦይ ቆፋሪ ክብር ይሁን፦ በጨለማ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ጓደኞቹ ከኋላው እየረጠቡ፣ ብርሃን በየት በኩል እንዳለ ገምቶ ወደዚያ ለቆፈረ፣ ወለሉን አስተካክሎ ላዘነበለ፣ ውሃውን አውጥቶ ሲጨርስ መሮውን ይዞ ወደ ሌላ ሥራው ለሄደ፣ ምዕራፍ ላልጻፈ፣ በጉባኤ ላይ ላልተጣላ፣ ሥራው ከእኔ ሥራ ለጸናለት። ለእቴጌ እናቴም ክብር ይሁን፣ ለኪስ ፈታሿ። ለእኔም፣ ለውታፏ፣ ጥቂት ከተረፈ።

እናቴ ወጣች። አፏ ደንዝዟል፤ አዋጅ የለም። በእጇ «እንሂድ» አለችኝ።

«አንዴ» አልኳትና ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ደወልኩ።

«ጋሼ፣» አልኩ፣ «ቦይ ነው።»